ይቅር ተብያለሁ፤ ለእህቴ ግን አልነገርኳትም

ከወሎ አንድ አንባቢ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልኮልኛል። ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀ አልጠቅስም። ዋና ዋናው ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። የምተዳደረው በባጃጅ ነው። ታላቅ እህቴ በ2010 ዓ.ም. ሳዑዲ ገባች፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ከ1 ሺህ ሪያል ደመወዟ 700ውን በየወሩ ለእኔ ትልክ ነበር። ቦታ ገዝቼ ቤት እንድሠራላት ነው የምትልከው። እኔ ቦታ አልገዛሁም። መጀመሪያ ትንሽ ነካሁ፤ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ባጃጁን ገዛሁበት፣ ሠርጌን ደገስኩበት። ለእናታችን ሕክምና ያወጣሁትም አለ። ‹ፎቶ ላክልኝ› ስትለኝ የሰው ግንባታ ጋ ሄጄ የመሠረቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። በኋላም ብሎኬቱን። እስከ 2014 ድረስ የላከችው 35 ሺህ ሪያል ገደማ ይሆናል። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 350 ሺህ ብር ነው።

ባለፈው ዓመት ንስሐ ገባሁ። የቤታችን የንስሐ አባት ሁላችንንም ስለሚያውቁን አፈርኩና ራቅ ካለ ደብር ሌላ አባት ያዝኩ። ‹የሰው ገንዘብ በልቻለሁ› አልኳቸው። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ለቤተ ክርስቲያኑም ምንጣፍ ገዝቼ አስገባሁ። ቀለል አለኝ። እህቴ በየዓርቡ ስትደውል ግን ያው ነው፣ ይመለስብኛል።

አብሮኝ ባጃጅ የሚነዳ ጴንጤ ጓደኛ አለኝ። ‹መዳን በጸጋ ነው፤ ካመንክ አለቀ፤ ያለፈውን አትቆስቁስ› ይለኛል። ዳዊትም ‹አንተን ብቻ በደልሁ› ነው ያለው፤ ነገሩ በእኔና በፈጣሪ መካከል ነው ማለት አይደለም? ተፈትቻለሁ ወይስ አልተፈታሁም? ለእሷ ካልነገርኩ አልድንም ማለት ነው? ብነግራት ልቧ ይሰበራል። በሚመጣው ዓመት ጠቅልላ ልትገባ አስባለች። እኔና ባለቤቴ ደግሞ ለፋሲካ ልንቆርብ ነው።»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ቄስ አይደለሁም። «ተፈትተሃል» ወይም «አልተፈታህም» ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም። የጻፍከውን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የታየኝን ሳልሸፋፍን እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ ነገሩን ሁሉ የድሮ ያደርገዋል። ገንዘቡ ያኔ ተበላ፣ ሠርጉ ያኔ ተደገሰ፣ ፎቶው ያኔ ተላከ። አሁን ንስሐ ገብተሃልና የቀረህ የሚቆጠቁጥ ትዝታ ብቻ ይመስልሃል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ባለፈው ዓርብ እህትህ ስትደውል ምን አለችህ? ጠቅልላ ልትገባ ያሰበች ሴት ስለ ቤቱ ሳትጠይቅ ስልኩን የምትዘጋ አይመስለኝም። «ቆርቆሮው ተመታ?» ብላ ይሆናል። «ልስኑስ ስንት ይፈጃል?» ብላ ይሆናል። አንተስ ምን መለስክላት? «እየሄደ ነው፣ አታስቢ» ካልካት ይህ የ2011 ኃጢአት አይደለም። የዓርብ ነው። ጾመህ ውለህ የዋሸኸው ነው።

አንተን የሚቆጠቁጥህ ትዝታ አይደለም ማለቴ ነው። ዛሬም እየሠራኸው ያለ ነገር ነው። መጸጸትህን አልጠራጠርም፤ ባትጸጸት ይህን ሁሉ ቁጭ ብለህ ባልጻፍክ። በአንተው ሥራ ልናገርና፣ መንገድ እንደሳትክ ገብቶህ ፍሬን ይዘሃል። ጥሩ ነው። ግን አልዞርክም። ሞተሩም አልጠፋም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደዚያው ይሄዳል።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። ጓደኛህ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ይቅርታ አይገዛም። ባጃጅህን ሸጠህ፣ ስግደትህን ሦስት እጥፍ አድርገህ፣ ከእግዚአብሔር ዘንድ ደረሰኝ አትቀበልም። የኦርቶዶክስ አባቶችም ቢሆኑ ቀኖና የኃጢአት ዋጋ ነው አይሉም፤ የነፍስ መድኃኒት ነው የሚሉት። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» የሚለው የኤፌሶን ቃል ያንተም መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ የእሱም ላይ አለ። በዚህ አትጨቃጨቁ።

ግን ጓደኛህ ኤፌሶንን ምዕራፍ 2 ላይ ነው የዘጋው። ትንሽ ገለጥ ቢያደርግ ምዕራፍ 4ን ያገኛል። እዚያ ጳውሎስ እነዚያኑ በጸጋ የዳኑትን ሰዎች ውሸትን አስወግዱ፣ እርስ በርሳችሁ እውነት ተነጋገሩ ይላቸዋል። ሁለት ሦስት ቁጥር ወረድ ሲል ደግሞ የሰረቀ ከእንግዲህ አይስረቅ፣ ይልቁን ለተቸገረ የሚያካፍለው እንዲኖረው በገዛ እጁ ይሥራ ይላል። ያንተ ጉዳይ አንድ ገጽ ላይ ተጽፎልሃል፤ ውሸቱም፣ ገንዘቡም። ፕሮቴስታንቶች ራሳቸው የሚጠቅሱት ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው ስለ ንስሐ ነው፤ ክርስቶስ «ንስሐ ግቡ» ሲል የአማኙ ሕይወት በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ፈልጎ ነው ይላል። «ካመንክ አለቀ፤ የበላኸውን ብላ» የሚል ትምህርት በሁለቱም ቤት የለም። ጓደኛህ ክፉ መክሮህ አይመስለኝም። ወዳጁ ሲጨነቅ ማየት ከብዶት ቶሎ ሊገላግልህ ፈልጎ ነው።

አንዳንዱ እዚህ ላይ ፊያታዊ ዘየማንን፣ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ሰው፣ ያነሳል። ወንበዴ ነበር፣ ምንም ሳይመልስ በዚያው ቀን ገነት ገባ። እውነት ነው። እጁ ግን ተቸንክሮ ነበር። የአንተ እጅ የባጃጅ መሪ ይዟል።

አሁን ዘኬዎስ ጋ ልውሰድህ። ያንተን ጥያቄ ከሱ በላይ የሚመልስ ሰው አላውቅም። የኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብቱ ከሰው ጉሮሮ የተነጠቀ ለመሆኑ ከተማው ምስክር ነው። ብዙዎቻችን ታሪኩን ገልብጠን ነው የምናስታውሰው። ዘኬዎስ ገንዘቡን መልሶ፣ ከዚያ ኢየሱስ ቤቱ የገባ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ዘኬዎስ ዛፍ ላይ እንዳለ ነው ኢየሱስ በስሙ የጠራው፤ ገና አንድ ሳንቲም ሳይመልስ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» አለው፤ ሕዝቡም ይህን አይቶ አጉረመረመ። ጸጋው ቀደመ። ጓደኛህ ይህን ቢጠቅስልህ ኖሮ አጨበጭብለት ነበር።

ታዲያ ዘኬዎስ ምን አደረገ? ማንም ክፈል ሳይለው ቆሞ ተናገረ። ካለኝ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያጭበረበርኩት ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። ልብ በል፣ ለድሆች የሚሰጠውንና ለተበደሉት የሚመልሰውን አልደባለቀም። ሁለት ሒሳብ ነው ያደረገው። ለድሆች ሰጥቻለሁና ያጭበረበርኩት ሰው ይቅርብኝ አላለም።

ለቤተ ክርስቲያን ያስገባኸውን ምንጣፍ ነገር የማነሳው ለዚህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝና፣ ደብዳቤህ ውስጥ ከፎቶው ይልቅ ያሳዘነኝ እሱ ነው። የእህትህ ዕዳ ሳይነካ ለታቦት ስጦታ ገባ። እሷ ሪያድ ይሁን ጅዳ የሰው ምንጣፍ ስትጠርግ፣ አንተ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ አስገባህ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ሰው ወንድሙን ቢበድል ይናዘዝ፣ የወሰደውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለበደለው ሰው ይስጥ ይላል። ለካህኑ የሚሆነው ተቀባይ ዘመድ ሲጠፋ ነው። እህትህ በሕይወት አለች፣ ስልኳም አለህ። ምንጣፉ ይቀመጥ፤ ሂድና አንሳው አልልህም። ከሒሳቡ ግን እንዳትቀንሰው።

የዳዊትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። «አንተን ብቻ በደልሁ» ያለው ዳዊት የበደለው ኦርዮ ሞቷል፤ ያስገደለውም ራሱ ነው። ሄዶ የሚለምነው ሰው የለውም። ነቢዩ ናታን የድሃውን በግ ታሪክ ሲነግረው ደግሞ ዳዊት ራሱ በንዴት የፈረደው ምን ነበር? በጓን አራት አድርጎ ይመልስ ነው ያለው። 50ኛውን መዝሙር የምትደግም ከሆነ ከዚህ ፍርድ ጋር ድገመው።

እንግዲህ አሁን አንድ ስጋት አለኝ። ይህን አንብበህ ብድር ፈልገህ ገንዘቡን እንደምንም ሞልተህ፣ ሒሳቧ ውስጥ ጥለህ «ገላገልኩት» ልትል ትችላለህ። ይሁዳም ገንዘብ መልሷል። 30ውን ብር ይዞ ካህናቱ ጋ ሄደ፣ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» አለ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ በተነው። ጸጸት ነበረው፣ ኑዛዜ ነበረው፣ ገንዘቡም ተመልሷል። ምን ጎደለው? የበደለው ሰው ጋ አልሄደም። ጴጥሮስ ግን ሦስት ጊዜ ክዶ፣ መራራ ልቅሶ አልቅሶ፣ የሚመልሰው አንድ ሳንቲም እንኳ ሳይኖረው ተመለሰ። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ «ትወደኛለህን?» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጠይቀው እያዘነም ቢሆን ፊቱን አላዞረም። ንስሐ ከሰው ዓይን ሸሽቶ የሚከፈል ዕዳ አይደለም። ገንዘቡ የግድ ይመለሳል፤ ከገንዘቡ በፊት ግን አንተ ራስህ እህትህ ፊት መመለስ አለብህ።

ስለ ኑዛዜህም ልንገርህ። «የሰው ገንዘብ በልቻለሁ» ብለሃቸዋል። ይህን ካህኑ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ የእቁብ ጸሐፊውም እንዲሁ ይላሉ። እህትህ እንደሆነች፣ ለቤት የታሰበ እንደሆነ፣ በሰው መሠረት ፎቶ እንደሸወድካት፣ አሁንም ቤቱ አለ ብላ እንደምታምን አልነገርካቸውም። እሳቸው ቀኖና የሰጡት ለሰሙት ነው። ያልሰሙትን እንዴት ያክሙ? መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች «ምን እናድርግ?» ሲሉት «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ወታደሮቹን ደግሞ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር አልበተነም፤ የእያንዳንዱን ቁስል አግኝቶ ነው እጁን የጫነበት። አንተ ቁስልህን ሸፍነህ ነው የታየኸው።

ስለዚህ ተመልሰህ ሂድና ሙሉውን ተናገር። የሚሻለው የቤታችሁ የንስሐ አባት ጋ መመለስ ነው። አዲሱን አባት ከመረጥክም ቢያንስ ሁሉን ይስሙ፤ አንዱን ለእናትህ ቤት ጠበል፣ ሌላውን ለድብቅ ኃጢአትህ ይዞ መኖር ግን አያዛልቅህም። ማፈርህ ይገባኛል። እሳቸው ቤታችሁ ገብተው ጠበል የሚረጩ፣ እንጀራችሁን የሚቆርሱ፣ እህትህን ክርስትና ሲያነሷት የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የንስሐ አባት የሰማውን አያወጣም፤ እናትህም አትሰማም። ደግሞም የሚያውቁህ አባት ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፤ ነገ ከእህትህ ጋር የሚያቆማችሁ ሰው ያስፈልግሃል።

«ልቧ ይሰበራል» ላልከው፣ አዎ ይሰበራል። ጥያቄው የት ሆና ይሰበር የሚለው ነው። ዝም ብትል ምን እንደሚሆን አስበኸው ታውቃለህ? ሥራዋን ትለቃለች። ለዘመድ አዝማድ ዕቃ ትገዛለች። ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ ትወርዳለች። ሰፈር ደርሳ «እስቲ ቤቴን አሳዩኝ» ትላለች። ያኔ ሳዑዲ መመለሻ የላትም፣ እዚህም ማረፊያ የላትም። ዛሬ ብታውቅ ግን አንድ ዓመት ልትቆይ ትችላለች፣ የምትልከው ካለ ለሌላ ሰው ልትልክ ትችላለች፣ ወይም ለመግባት ከወሰነች አውቃ ትገባለች። አንተ እያዘንክላት ዝም አላልክም። ራስህን እያዳንክ ነው ዝም ያልከው። ከረር አልኩብህ መሰለኝ፤ ግን ይህን ካልተቀበልክ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

እንዴት ትነግራታለህ? መጀመሪያ ለባለቤትህ ንገራት። ሠርጓ በዚያ ገንዘብ እንደተደገሰ ላታውቅ ትችላለች። ነገ ዕዳ መክፈል ስትጀምሩ የቤቱ አስቤዛ መንካቱ አይቀርም፤ በድንገት ልትሰማው አይገባም። አብራችሁ ልትቆርቡ ካሰባችሁ ደግሞ አንዳችሁ ጨለማ ውስጥ ሆናችሁ እንዴት ይሆናል?

ከዚያ እህትህን። በጽሑፍ መልእክት አይሆንም። በድምፅ መልእክትም አይሆንም። በኢሞ ፊትህን እያየች ትስማ። ሥራ ላይ ሆና፣ አሠሪዋ እየጠራቻት አይሁን፤ የዕረፍት ሰዓቷን ጠብቅ። እዚያ የምትቀርባት የአገር ልጅ ካለች ነገሩን ሳትዘረዝር «ዛሬ ከእህቴ አትራቂ» በላት። ሰው ቤት ብቻዋን ሆና እንዲህ ያለ ወሬ መስማት ከባድ ነው።

ስትነግራት አጭር አድርገው። «ቦታ አልገዛሁም። ቤት የለም። የላክሁልሽ ፎቶ የሰው ነው። ገንዘብሽን ባጃጅ ገዛሁበት፣ ሠርግ ደገስኩበት። ዋሽቼሻለሁ። እመልሳለሁ።» በቃ። ኮሮናን አታንሳ፣ ጦርነቱን አታንሳ፣ የኑሮ ውድነትን አታንሳ። የእናታችሁን ሕክምናም መግቢያ አታድርገው። ለእናታችሁ በእውነት የወጣ ካለ በኋላ ሒሳብ ስትሠሩ ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ ካነሳኸው ግን መሸሸጊያ ይሆንብሃል። «ይቅር በይኝ» በላት እንጂ «ይቅር አልሽኝ ወይ?» እያልክ አትወጥራት። ስልኩን ጆሮህ ላይ ብትዘጋው መልሰህ መልሰህ አትደውል። እስክትደውል ጠብቅ።

ሒሳቡን በሚመለከት አንድ ተንኮል እንዳይሠራህ። «350 ሺህ ብር ነው የበላሁት፣ 350 ሺህ እመልሳለሁ» ብትል ድጋሚ ሰረቅካት ማለት ነው። እሷ የላከችው ሪያል ነው። በ2011 አካባቢ አንድ ዶላር በባንክ 28 ብር ገደማ ነበር፤ ሪያል ደግሞ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ አንዱ 7 ብር ከምናምን ይመነዘር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 100ን አልፏል። የቦታውንና የብሎኬቱን ዋጋ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ደብተር አውጣ፤ በየወሩ የገባውን በሪያል ጻፍ። ለእናታችሁ ያወጣኸውን ለብቻ ጻፍ፤ ማስረጃ የሌለውን አትቁጠር። እሷ የሐዋላውን ደረሰኝ አንድም ሳትጥል አስቀምጣው ቢሆን አይገርመኝም። ዕዳህ 35 ሺህ ሪያል ነው፤ ከዚያ የሚቀነስ ካለ እሷ ትቀንስ። አምስተኛ እጅ ጨምር ያለውን ኦሪትም አትርሳ።

አከፋፈሉን እሷ ትምረጥ። ባጃጁ ይሸጥልኝ ካለች ይሸጣል። በስሜ አዙረውና እየነዳህ ገቢ አድርግልኝ ካለች እንደዚያ ይሆናል። በየወሩ ክፈለኝ ካለች በየወሩ። ልብህ ባጃጁን ለማትረፍ መንገድ መፈለጉ አይቀርም፤ ልጅም አለህ፣ እንጀራህም እሱ ነው። ይህን ልትነግራት ትችላለህ፣ ውሳኔው ግን የአንተ አይደለም። በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑረው። በሕግም ልክሰስህ ብትል መብቷ ነው። እምነት ማጉደል ይባላል፣ ያስቀጣል።

ሽማግሌ መላክ ታስብ ይሆናል። እንድትታረቁ ከሆነ መልካም ነው። ግን የኛ አገር ሽምግልና አንዳንዴ የተበደለውን ነው የሚያስጨንቀው። «ወንድምሽ ነው፣ ደምሽ ነው፣ ለእግዚአብሔር ስትይ ተይው» እያሉ ገና ሳታለቅስ ይቅር ያስብሏታል። የአንገት በላይ ይቅርታ ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ። ሽማግሌዎቹን ስትልክ «ይቅር እንድትለኝ ለምኑልኝ» ሳይሆን «ዕዳዬን እንድከፍል ዋስ ሁኑልኝ» በላቸው። መሬት ላይ ወድቀህ እግሯን ብትስም እንኳ የምትነሳው እሷ ስትል ነው።

ይቅር ባትልስ? ዓመት ሙሉ ባታናግርህስ? ሊሆን ይችላል። የእግዚአብሔር ምሕረት በእህትህ ቁጣ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ በዚህ አትሸበር። ዕዳው ግን ብትስቅልህም፣ ባትስቅልህም ይከፈላል። ከአራት ወር በኋላ «መቼም አትታረቀኝ፣ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ሐሳብ ሲመጣብህ ከየት እንደመጣ እወቅበት።

«ከዚህ በኋላ ብወድቅስ?» ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ብትወድቅ ትነሳለህ፤ ንስሐ ለመላእክት አልተሰጠም። ያልኩህ ግን ስለ መውደቅ አይደለም፤ እያወቁ ስለ መተኛት ነው። ምሳሌ 28 ላይ ያለው ቃል አንተን ቁጭ አድርጎ የሚናገር ይመስለኛል፤ «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም፤ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል»። ተናዝዘሃል እንበል። መተው ይቀራል።

ስለ ቁርባኑ የሚወስኑት የንስሐ አባትህ ናቸው፤ ሙሉውን ሰምተው። ለእህትህ የምትነግርበትንም ቀን ከእሳቸው ጋር ብትቆርጠው ጥሩ ነው፤ ብቻህን ከሆንክ «ከበዓሉ በኋላ» እያልክ ታራዝመዋለህ። የመጀመሪያውን ክፍያ ስትልክ ደረሰኙን ያዝ፣ ለእሳቸውም አሳያቸው። ለፋሲካ ቁረቡ ካሉህ ቁረብ። ይቆይ ካሉህ ደግሞ ቆይ፤ ተስፋ ቆርጠህ እንዳትቀር እንጂ ፋሲካ ቢያልፍም በየእሁዱ ይቀደሳል።